ፍንጭ፦ ክፍተት እንጂ ግድግዳ አይደለም

«ፍንጭ» ሙሉው ነገር ሳይሆን ወደ ሙሉው የሚያደርስ ጥቂት ምልክት ነው። በፊት ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት «ፍንጭት» ማለታችን ቃሉን በምስል ያስረዳል፤ በክፍተቱ ውስጡ በጥቂቱ ይታያል እንጂ ሁሉም አይገለጥም። ይህን ትርጉም ጂኦካሺንግ፣ በጂፒኤስ እየተመሩ የተደበቀ ዕቃ የመፈለግ ጨዋታ፣ በተግባር ይፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 የአሜሪካ መንግሥት የሲቪል ጂፒኤስን ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ በቀናት ውስጥ ዴቭ አልመር በኦሪገን ባልዲ ደብቆ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን በኢንተርኔት አሳወቀ። ያኔ ቁጥሩ ብቻ በቂ ነበር። ባለብዙ ደረጃው ጨዋታ ግን የሚቆመው በፍንጭ ነው፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ቀጣዩን ይጠቁማል፣ የፈላጊዎች መዝገብ የሚገኘውም በመጨረሻው ነው።

«ፍንጩ ካልከበደ ደስታው ይቀንሳል» የሚሉ አሉ። ክብደት ጣዕም መሆኑ እውነት ነው፤ ለዚህም ጨዋታው ከ1 እስከ 5 የሚደርስ የክብደት ደረጃ አለው። ነገር ግን ሒሳቡን እናስላ፦ በአምስት ጣቢያዎች እያንዳንዱን ፍንጭ ከአሥር ፈላጊ ስምንቱ ቢፈታው እንኳ መጨረሻው ላይ የሚደርሰው ከሦስቱ አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎበዝ አዘጋጅ መልሱ ትክክል መሆኑን ፈላጊው ከመሄዱ በፊት የሚያረጋግጥበትን መንገድ ያበጃል፤ ለምሳሌ ከሐውልት የተነበቡት አኃዞች ድምር ስንት መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ይነግረዋል። ምንም የማያሳይ ፍንጭ ግድግዳ ነው፤ ሁሉን የሚያሳይም የተከፈተ በር ነው። ፍንጭ ስሙን የሚያገኘው በሁለቱ መካከል ነው።