የ«ራትለር» ሁለት ሕይወትና «አንበሪ» የተባለው ቃል

ራትለር የተባለችው የእንግሊዝ ባለ ሸራ የጦር መርከብ ወደ ባሕር የወረደችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1783 ነው። ባለ 16 መድፍ አነስተኛ መርከብ ነበረች። የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በዚያው ዓመት በማብቃቱ ግዳጇ ከውጊያ ይልቅ ጥበቃ ሆነ። በዊልፍሬድ ኮሊንግዉድ አዛዥነት ከሆራሺዮ ኔልሰን ጋር በካሪብያን ተሰማርታ፣ አሜሪካውያን ከብሪታንያ ደሴቶች ጋር እንዳይነግዱ የሚከለክለውን ሕግ ታስከብር ነበር።

ሁለተኛውን ሕይወቷን ያስገኘው ግን ውል ነው። በ1790 የተፈረመው የኑትካ ስምምነት እንግሊዛውያን በፓስፊክ ውቅያኖስ ዓሣ ነባሪ እንዲያድኑ ፈቀደ፤ ሆኖም ስፔን ከያዘቻቸው ጠረፎች እንዲርቁ አስገደደ። ስለዚህ አዳኞቹ በስከርቪ የታመሙ መርከበኞቻቸው የሚያገግሙባቸው፣ ከስፔን ወደቦች የራቁ ማረፊያዎች አስፈለጓቸው። ኤንደርቢ የተባለው የለንደን የንግድ ቤት ራትለርን ከባሕር ኃይሉ ገዛ። አዛዥዋም በ1789 በኑትካ በስፔኖች እጅ ታስሮ የነበረው ጄምስ ኮልኔት ሆነ። መርከቧ በ1793 መጀመሪያ ተነሥታ በ1794 መጨረሻ ተመለሰች። የጉዞው ዋና ፍሬ ዘይት ሳይሆን ዕውቀት ነበር፤ በ1798 የታተመው የኮልኔት መጽሐፍና የጋላፓጎስ ካርታ ለተከታዮቹ አዳኞች መንገድ ጠረገ። የደሴቶቹ ግዙፍ ኤሊዎችም ያለ ምግብና ውኃ ለወራት መቆየት በመቻላቸው የመርከበኞች ስንቅ ሆነው ቁጥራቸው ተመናመነ።

ይህን ታሪክ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከአንድ የቃል ችግር ጋር ይጋፈጣል። ራትለር የፈለገችው ማንኛውንም ዓሣ ነባሪ ሳይሆን፣ ከራሱ ለመብራትና ለሻማ የሚሆን ዘይትና ሰም የሚገኝበትን አንድ ዝርያ ነው። ዐምበር የተባለው ሽቱም የሚገኘው ከዚሁ እንስሳ አንጀት ነው። ዐረብኛው «ዐንበር» ሽቱውንም እንስሳውንም ይጠራል፤ የግእዙ «ዐንበሪ»ም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። የዛሬው «ዓሣ ነባሪ» በመጽሐፍ ቅዱስ ከምናውቀው «ዓሣ አንበሪ» በአነባበብ ለውጥ የመጣ ይመስለኛል፤ «አንበሪ» እንግዳ ሲሆንበት ተናጋሪው ወደሚያውቀው «ነበረ» አስጠጋው።

ስለዚህ «ዓሣ ነባሪ» ለወገኑ ሁሉ የወል ስም ሆኖ ይቆይ፤ «አንበሪ» ደግሞ ለዚህ ዝርያ ይመለስለት እላለሁ። ያለዚህ ልዩነት፣ አንዲት የጦር መርከብ መድፏን ትታ የዓለምን ግማሽ ለምን እንደዞረች አንባቢው በሚገባ አይረዳም።