‹‹ኖሬያለሁ›› ማለት አይበቃም፤ በአውሮፓ ያልተቋረጠ ነዋሪነትን ስለማስረዳት

‹‹በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል›› ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን ጣሊያን አገር አምስት ዓመት ኖሬ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ በጠየቅሁበት ጊዜ ነው። ሥራ ነበረኝ፤ ግብር ከፍያለሁ፤ ቋንቋውን ተምሬያለሁ፤ የሰፈሩ ባለሱቅ በስሜ ይጠራኛል። ከዚህ በላይ ምን ነዋሪነት አለ ብዬ አስብ ነበር። ማመልከቻዬን የመረመረው ክፍል የላከልኝ ደብዳቤ ግን በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከአገር የወጣሁበት ጊዜ ሲደመር ከ10 ወር እንደሚበልጥ፣ በዚህም ምክንያት ጥያቄዬን ውድቅ ለማድረግ እንደታሰበና መልስ ካለኝ በ10 ቀን ውስጥ እንዳቀርብ የሚገልጽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ጠይቀውኛል። አንዳንዶቹ እዚያው የሚኖሩ ወዳጆቼ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ለሥራ ወይም ከቤተሰብ ጋር ለመቀላቀል ከአዲስ አበባ ለመሄድ የተዘጋጁ የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁኝ በአምስተኛው ዓመት ስለሚሞላው ቅጽ ነው። እኔ ግን ዝግጅቱ የሚጀመረው በደረሱበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው እላለሁ። ምክንያቱን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2003 ያወጣው መመሪያ ቁጥር 2003/109፣ ከኅብረቱ ውጭ የመጣ ሰው በአንድ አባል አገር ለአምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድና ያለማቋረጥ ከኖረ የረጅም ጊዜ ነዋሪነት መብት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ዴንማርክና አየርላንድ በመመሪያው አይገደዱም። በተረፈ ጣሊያንም ሆነች ጀርመን ይህንኑ በየራሳቸው ሕግ ውስጥ አካተውታል። ከነዋሪነቱ በተጨማሪ ቋሚ ገቢ ያስፈልጋል። ጣሊያን ደግሞ ኤ 2 ደረጃ የሚደርስ የቋንቋ ችሎታ ትጠይቃለች።

አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ወደ ኋላ ነው። ቀድሞ ኖሮ፣ አቋርጦ፣ እንደገና የተመለሰ ሰው የድሮውን ዘመን መደመር አይችልም። በተማሪነት ፈቃድ የኖረ ሰውም ይጠንቀቅ፤ በመመሪያው መሠረት የትምህርት ዘመን ከግማሽ በላይ አይታሰብም። ጥገኝነት ያገኘ ሰው በጣሊያን ሕግ የተሻለ ዕድል አለው፤ ለእርሱ ዘመኑ የሚቆጠርለት የጥገኝነት ጥያቄውን ካቀረበበት ቀን ጀምሮ ነው።

ሁለት ገደቦች እንጂ አንድ አይደለም

‹‹ያለማቋረጥ›› ሲባል ጭራሽ ከአገር አለመውጣት ማለት አይደለም። ሕጉ ሁለት ገደቦችን ያስቀምጣል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጉዞ ከተከታታይ ስድስት ወር ማነስ አለበት። ሁለተኛ፣ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ያሉት ጉዞዎች ሁሉ ተደምረው ከ10 ወር መብለጥ የለባቸውም። አብዛኛው ወገናችን የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

አባቴ ሲታመም አዲስ አበባ ሄጄ አምስት ወር ከ10 ቀን አስታመምኩት። በሌላ ጊዜ ለእህቴ ሠርግ ሄጄ ሁለት ወር ቆየሁ። በአራተኛው ዓመት አባቴ ሲያርፍ አርባና ሰማንያውን አውጥቼ ስመለስ ሦስት ወር ከአምስት ቀን ሆኖኝ ነበር። እያንዳንዱ ጉዞ ከስድስት ወር ያነሰ ስለነበር ልቤን ጥዬ ተቀምጫለሁ። ድምሩ ግን 10 ወር ከ15 ቀን ነው። አምስት ዓመት የለፋሁበትን ነገር ሁለት ሳምንት ሊያሳጣኝ ደረሰ።

ያዳነኝ በዚያው የጣሊያን ሕግ ውስጥ ያለ ልዩ ሁኔታ ነው። መቅረቱ የመጣው በውትድርና ግዴታ፣ በከባድና በሰነድ በተረጋገጠ የጤና ምክንያት ወይም በሌላ ከባድና በተረጋገጠ ምክንያት ከሆነ ነዋሪነቱን አያቋርጥም ይላል። ‹‹በተረጋገጠ›› የሚለው ቃል ላይ ያዝ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አባቴ ታሞ ነበር ብሎ መናገር ብቻውን ዋጋ የለውም። ደግነቱ እህቴ የአባታችንን የሆስፒታል ወረቀቶች፣ ሪፈሩንም፣ የተኛበትንና የወጣበትን ቀን የሚያሳየውንም፣ አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። ‹‹የአባዬን ነገር መጣል አስጠልቶኝ ነው›› አለችኝ። በኢንተርኔት ላከችልኝ፤ አስተርጉሜ በዘጠነኛው ቀን አስገባሁ። ዋናዎቹ ሰነዶች ማረጋገጫቸውን ይዘው ኋላ ደረሱ። ከወራት በኋላ ፈቃዱ ተሰጠኝ። ልብ በሉ፣ ያተረፈኝ እኔ ያደራጀሁት ፋይል አይደለም፤ የእህቴ ፌስታል ነው።

የትኛው ወረቀት ምን ያስረዳል?

ማስረጃ ሁሉ እኩል አይመዝንም። በጣሊያን ያየሁትን እንደ ክብደቱ ቅደም ተከተል እገልጻለሁ።

1. የማዘጋጃ ቤት የነዋሪነት ታሪክ ምስክር ወረቀት። ተራው የነዋሪነት ወረቀት የሚናገረው ዛሬ የት እንደምትኖሩ ብቻ ነው። ‹‹ስቶሪኮ›› የሚባለው ግን ከመቼ ጀምሮ በየትኛው አድራሻ እንደተመዘገባችሁ ያሳያል። ስትጠይቁ ይህንን ቃል አትርሱ።

2. ኢንፕስ ከሚባለው የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም የሚገኘው የጡረታ መዋጮ ዝርዝር። የትኛው አሠሪ ለየትኛው ጊዜ እንደከፈለላችሁ ተመዝግቦ ይገኛል።

3. አሠሪው በየዓመቱ የሚሰጠው የገቢና የግብር ማረጋገጫ፣ ከየወሩ የደመወዝ ወረቀት ጋር።

4. የፓስፖርት ገጾች በሙሉ። በመሀል ፓስፖርት ካደሳችሁ አሮጌውን አደራ አትጣሉ፤ የጉዞ ታሪካችሁ ያለው እዚያ ላይ ነው።

5. የቤት ኪራይ ውል፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ወረቀት፣ የባንክ መግለጫ። እነዚህ ክፍተት ለመሙላት ይረዳሉ። ነገር ግን ከባንክ በራሱ የሚቆረጥ የመብራት ክፍያ ባለቤቱ አዲስ አበባ እያለም ይከፈላልና ብቻውን ብዙ አያስረዳም። በአካል ተገኝታችሁ የፈረማችሁበት ወይም የታከማችሁበት ወረቀት ይበልጣል።

የፓስፖርት ማኅተም ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። በሼንገን አገሮች መካከል ሲኬድ ማኅተም የለም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰውም ኤርፖርት ላይ ሁልጊዜ አይመታም። ስለዚህ የአውሮፕላን ቲኬቱን ማስቀመጥና የወጡበትን ቀን፣ የተመለሱበትን ቀንና ምክንያቱን በአንድ ደብተር መመዝገብ ይጠቅማል። እኔ ይህንን ያደረግሁት ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ ነው፤ ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል።

ጀርመን ያሉ ወዳጆቼ ጉዳይ በመጠኑ ይለያል። እዚያ ቤት የቀየረ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከምዝገባው ቢሮ የቀድሞ አድራሻዎችን የሚጨምር ሰፋ ያለ ማረጋገጫ ማውጣት ይቻላል። ለተለመደው ቋሚ ፈቃድም የ60 ወር የጡረታ መዋጮ ይጠየቃል። ከሁሉ በላይ፣ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው አስቀድሞ ሳያስፈቅድ ከስድስት ወር በላይ ከአገር ከወጣ የሚጎዳው የዘመን ቆጠራው ብቻ አይደለም፤ ፈቃዱ ራሱ ይሰረዛል።

የእኛ የራሳችን ችግሮች

ሦስት ችግሮች በእኛ ላይ ይበረታሉ። የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይመዘግባል። አጻጻፉም ይለያያል፤ ‹‹ፀሐይ›› የሚለውን ስም አንዱ በሁለት የላቲን ፊደል ሲጀምረው ሌላው በአንድ ይጀምረዋል። በጣሊያን የግብር መለያው ቁጥር፣ ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለው፣ የሚሠራው ከስም፣ ከልደት ቀን፣ ከጾታና ከትውልድ ቦታ ነው። ስሙ በተለየ መንገድ ከተጻፈ ቁጥሩም ሊለያይ ይችላል። ያን ጊዜ የከፈላችሁት መዋጮ በሌላ ሰው ስም እንደተከፈለ ሆኖ ይቀራል። የልደት ቀንን ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲመልሱ የሚፈጠር ስሕተትም ያው ነው። በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ኋላ ከሚመጣ ብዙ መመላለስ ያድናል።

ሁለተኛው በዘመድ ወይም በጓደኛ ቤት ተጠግቶ መኖር ነው። ይሉኝታ ይዞን ‹‹በአድራሻህ አስመዝግበኝ›› አንልም። አስጠጊውም ባለቤቱ ከሰማ ያስወጣኛል ብሎ ይፈራል። ከመዝገብ ውጭ የኖርንበት ዘመን ግን ሲፈለግ አይገኝም። የተመዘገበም ሰው ቢሆን በጣሊያን ፈቃዱን ባደሰ በ60 ቀን ውስጥ እዚያው አድራሻ እንደሚኖር ለማዘጋጃ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ይህን ካላደረገ፣ ወይም ተቆጣጣሪዎች በተደጋጋሚ ሄደው ካጡት፣ ከመዝገቡ ሊሰረዝ ይችላል።

ሦስተኛው በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን የሚያጋጥማቸው ነው። የማውቃት አንዲት እህት አንዲት አሮጊት እያስታመመች፣ እዚያው እያደረች ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ፈቃዷን በወቅቱ ታድስ ነበር። የቤቱ ሰዎች ግን በአድራሻቸው አላስመዘገቧትም፤ መዋጮዋንም ከፍለው የሚያውቁት አልፎ አልፎ ነው። አሮጊቷ ሲሞቱ ቤቱ ተሸጠ። ዝርዝሩ ሲወጣ ከዘጠኙ ዓመት ብዙው ባዶ ነበር። ሳምንት ሙሉ እሑድን ጨምሮ ከዚያ ቤት ያልወጣች ሰው፣ እዚያ ቤት መኖሯን የሚያስረዳላት አንድ ወረቀት አጣች። በጣሊያን የቤት ሠራተኛ መዋጮ የሚከፈለው በየሦስት ወሩ ነው። በየሦስት ወሩ ዝርዝሩን አውጥቶ ማየት አሠሪን አለማመን አይደለም።

ደብዳቤው ከመጣ

ውድቅ ሊደረግ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ከደረሰ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። በጣሊያን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 241/1990 መሠረት በ10 ቀን ውስጥ መልስና ሰነድ ማቅረብ ይቻላል። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላም በ60 ቀን ውስጥ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይፈቀዳል። ቅጽ በመሙላት በኩል ፓትሮናቶ የሚባሉት ቢሮዎች ይረዳሉ፤ ለይግባኝ ግን ጠበቃ ያስፈልጋል። ክፍተቱን ለመሸፈን የሐሰት ውል ማሠራት ከሁሉ የከፋ ነው፤ በማጭበርበር የተገኘ መብት ከዓመታት በኋላም ይነጠቃል።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም ጥንቃቄው አያበቃም። ከኅብረቱ አገሮች ውጭ ተከታታይ 12 ወር የቆየ ሰው መብቱን ያጣል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2022 በሰጠው ውሳኔ በዚያ 12 ወር ውስጥ ለጥቂት ቀናት እንኳ በኅብረቱ ክልል መገኘት መብቱን ለመጠበቅ እንደሚበቃ ገልጿል። እነዚያ ጥቂት ቀናትም ቢሆኑ መረጋገጥ አለባቸው።

ወላጅ ሲታመም አትሂዱ ማለቴ አይደለም። ዛሬም ቢሆን አባቴን ከማስታመም አልቀርም ነበር። ስትሄዱ ግን ቀኑን ጻፉ፤ የሆስፒታሉን ወረቀት ጠይቁ፤ አገር ቤት ያለ አንድ ሰውም ፌስታሉን እንዳይጥል አደራ በሉ።