ቃል በቃል ሲተረጎሙ የሚያሳስቱ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች



አማርኛ ገና የሚማር ሰው «ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ» ስንል ቢሰማ ስለ ጨው የምናወራ ይመስለዋል። እኛም እንግሊዝኛ ስንሰማ የሚገጥመን ይኸው ነው፤ ቃላቱን ለየብቻ እናውቃቸዋለን፣ አብረው ሲመጡ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። በመምህርነት ሳለን ጎበዝ ተማሪዎች ሳይቀሩ እዚህ ላይ ሲሰናከሉ አይተናል። አንዳንዱ ስህተት ያስቃል፤ አንዳንዱ ግን እንጀራን ይነካል፣ ሰውንም ያስቀይማል። ስለዚህ ከሚዘወተሩት ጥቂቶቹን እነሆ።

በሥራ ቦታ

1. «ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ»፦ ቀደም ብሎ ወደ ቤት የመሄድ ፈቃድ ይመስላል። ትርጉሙ ግን «ከሥራ አሰናብተንሃል» ነው። ይህን የሰማ ሰው ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻ ደመወዙንና የስንብት ደብዳቤውን ይጠይቅ።

2. «ጌት ዘ ሳክ» እና «ሂት ዘ ሳክ»፦ «ሳክ» ጆንያ ነው። የመጀመሪያው ከሥራ መባረር፣ ሁለተኛው ደግሞ መተኛት ማለት ነው። በአንድ ቃል ልዩነት ትርጉሙ ይገለበጣል።

3. «ካት ኮርነርስ»፦ ጊዜ ወይም ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የሥራን ጥራት ማጓደል። አለቃ ይህን ካለ ወቀሳ ነው።

4. «ኮል ኢት ኤ ደይ»፦ «ለዛሬ ይብቃን» ማለት ነው።

ስለ ገንዘብ

5. «ኮስትስ አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ»፦ ቃሉ «ክንድና እግር ያስከፍላል» ይላል፤ እኛ «ዋጋው እሳት ነው» የምንለው ነው።

6. «ኦን ዘ ሀውስ»፦ ምግብ ቤት ውስጥ ሲባል «ሒሳቡ በቤቱ ነው፣ አትከፍሉም» ማለት ነው።

7. «ብሪንግ ሆም ዘ ቤከን»፦ «ቤከን» የአሳማ ሥጋ ስለሆነ ሙስሊሙን ያስደነግጣል። ተናጋሪው ግን የቤተሰብን ቀለብ ሠርቶ ማምጣትን ነው የሚናገረው። ቃሉን ከአፍዎ ማውጣት ካልፈለጉ «ኧርን ኤ ሊቪንግ» ይበሉ፤ ያው ነው።

ስለ ጤናና ሐዘን

8. «አንደር ዘ ዌዘር»፦ ትንሽ ሕመም የተሰማው ሰው የሚለው ነው። ለሐኪም ግን አይበቃም፤ የት እንደሚያምዎና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በግልጽ ይናገሩ።

9. «ኪክ ዘ በኬት»፦ ቃሉ «ባልዲውን መምታት» ነው፤ ትርጉሙ መሞት። የቀልድ አነጋገር ስለሆነ ሐዘንተኛ ፊት ፈጽሞ አይባልም። ለተዝያ «ፓስድ አወይ» ማለት ይገባል፤ «አረፈ» እንደምንለው ነው።

ለጨዋታ

10. «ፑሊንግ ማይ ሌግ»፦ «እየቀለድክብኝ ነው» ማለት ነው።

11. «ብሬክ ኤ ሌግ»፦ «እግርህን ስበር» የሚል እርግማን ይመስላል፤ ነገር ግን መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው የሚነገር የመልካም ምኞት መግለጫ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሰማነው ቃል ከያዝነው ጨዋታ ጋር አልገጥም ካለ ፈሊጥ ሊሆን ይችላልና «ዋት ዱ ዩ ሚን?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ አያሳፍርም። ማመልከቻ ወይም የሥራ ደብዳቤ ስንጽፍ ደግሞ ፈሊጡን ትተን ግልጹን ቃል እንጠቀም። አላህ ያግራልን!