የሉሉ ጨርቅ እና የፒያሳ ታዛ

ስለ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተጻፉ መጻሕፍት መካከል በውጭው ዓለም እጅግ ከተነበቡት አንዱ አንባቢውን የሚቀበለው በውሻ ሽንት ነው።

ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ መጽሐፉን በአገሩ ቋንቋ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ በአንድ ፊደል ብቻ የተጠራ የቀድሞ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ይናገራል። ጃንሆይ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው ይላል። ውሻዋ በሥነ ሥርዓት መካከል ከጭናቸው ትወርድና የመኳንንቱ ጫማ ላይ ትሸናለች። መኳንንቱ እግራቸው እየራሰ ንቅንቅ ማለት አይፈቀድላቸውም። የአገልጋዩ ሥራ በመካከላቸው እየዞረ ጫማቸውን በሳቲን ጨርቅ መጥረግ ነበር። 10 ዓመት በዚህ ሥራ ቆየሁ ይላል።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1983 በእንግሊዝኛ ከወጣ በኋላ ይህች አንዲት ትዕይንት ከብዙ የታሪክ ጥራዞች በላይ ተጓዘች። ስለ ማይጨው ወይም ስለ ጄኔቫው ንግግር ምንም የማያውቅ አንባቢ የሉሉን ጨርቅ ያስታውሳል።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ተከራካሪ አላጣም። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪው ሃሮልድ ማርከስ መጽሐፉንም፣ መጽሐፉን እንደ እውነተኛ ታሪክ ተቀብለው ያወደሱትን ሐያስያንም አጥብቀው ተችተዋል። ምስክሮቹ በፊደል ብቻ ስለተጠሩ ማንም ሄዶ ሊጠይቃቸው አይችልም። በፖላንድ ደግሞ ብዙ አንባቢ መጽሐፉን የወሰደው ስለ ራሱ አገር የኮሚኒስት ሹማምንት እንደተነገረ ምሳሌ አድርጎ ነው። የውሻዋ ነገር እንኳ አንድ አይደለም። መጽሐፉ ዝርያዋን ጃፓናዊ ያደርገዋል፤ በሌላ ወገን በብዛት የሚነገረው ግን ቺዋዋ እንደነበረች ነው። የቺዋዋ አገሩ ደግሞ ሜክሲኮ ነው።

ስለዚህ ጨርቁን እንደ ማስረጃ ይዞ መከራከር ያስቸግራል። እንደ ጥያቄ ግን መያዝ ይቻላል። ትንሽ ውሻ ቤት ውስጥ ስትሸና ጥፋቱ የማን ነው? የሚጠርገውስ ማን ነው? ጥያቄው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ፒያሳ ሲመጣ የአንድ ከተማ ታሪክ ይሆናል።

ግቢው ያስተማረው ውሻ

በጥንቱ አራዳ ውሻ የደጅ ፍጥረት ነበር። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከተዘረጋው ገበያ ወዲያና ወዲህ የመኳንንቱ ግቢዎች በአጥር ተከብበው ነበር፤ ውሻ ደግሞ የአጥሩ ጠባቂ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል። ቤት ውስጥ ማሳደር በብዙ ሰው ዘንድ ነውር ነበር።

ከተማዋ የፍሳሽ መስመርም ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪናም ባልነበራት በዚያ ዘመን፣ የገበያውን ትርፍራፊና የሞተ ከብት የሚያነሡት ውሻና ጅብ ነበሩ። የዘመኑ የውጭ ተጓዦች ይህን ደጋግመው ጽፈዋል። ውሻ በአራዳ ታሪክ መጀመሪያ የሚታየው ቆሻሻ ሲያነሣ ነው።

የት ይሸናል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አፈር አለ፣ ሣር አለ። ክረምት ሲገባ ውሻው ታዛ ሥር ይጠለላል፤ ዶፉ ሲያባራ ወጥቶ አጥር ሥር ይሸናል፤ ቀጣዩ ዝናብ ያጥበዋል። ማንም አላስተማረውም፤ ግቢው አስተማረው።

በ1928 የገባው ጣሊያን የአገሬውን ገበያ ወደ መርካቶ አዛወረ፤ አራዳም ፒያሳ የሚለውን ስም ያገኘው በዚያ ዘመን ነው። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆኑት ባለ በረንዳ ፎቆች ፊታቸውን ወደ መንገድ ቢያዞሩም ከብዙዎቹ ጀርባ ግቢ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን «የፈረንጅ ውሻ» የሚባለው ዓይነት ወደ ከተሜው ቤት ገባ። ትንሽ፣ ጸጉራም፣ ሶፋ ላይ የምትተኛ፣ በብዙ ቤት ቡቺ የምትባል። አጥር አትጠብቅም፤ ትወደዳለች እንጂ። የሉሉ ጥያቄም አብሯት ገባ። የሳቲኑ ጨርቅ በተራው ሰው ቤት መወልወያ ሆነ፤ የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ውሻዋን ልግዛ ብሎ ያመጣው ሰው ሳይሆን የቤት ሠራተኛዋ ናት።

ከማዘጋጃ ቤት የተላለፈው ምስል

የንጉሡ ውሾች ጉዳይ የአገር ጉዳይ የሆነው ግን ከካፑሺንስኪ በፊት ነው፤ ምስሉም የወጣው ከዚሁ ከፒያሳ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስቱዲዮ ያኔ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ሕዝቡ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበትን ፊልም አየ። በመካከሉ የቤተ መንግሥት ድግስና ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳዩ ምስሎች ተቀጥለውበት ነበር። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ።

እንግዲህ የአንድ ዘመን መጨረሻ በሁለት የውሻ ምስሎች ታተመ። በአገር ውስጥ ውሻው ሲበላ፤ በውጭ አገር ውሻዋ ስትሸና። የመጀመሪያው ፊልም ነው፤ ትርጉሙን ያገኘው ከረሃቡ ጎን በመቀጠሉ ነው። ሁለተኛው በወሬ ብቻ የቆመ ነው። ሁለቱም ስለ ውሾቹ የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ ስለ ጌቶቻቸው የሚናገሩት ግን ብዙ።

አሥር ወር ገደማ ቆይቶ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን አዋጅ ወጣ። በፒያሳም ብዙ ቤት የቀበሌ ሆነ። በየሠፈሩ አንድ ግቢ ለብዙ ቤተሰብ ተካፈለ፤ ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። ውሻውም የጋራ ሆነ፤ «የግቢው ውሻ» ተባለ። ሁሉም ፍርፋሪ ይጥልለታል፣ ሁሉንም ያውቃል፣ በባዳ ላይ ይጮኻል። ግቢው የተጣበበ ቢሆንም አፈሩ አልጠፋም፤ ታዛውም አልጠፋም። ያ ታዛ የልብስ ማስጫ፣ የቡና መጠጫ፣ የልጆች መጫወቻ፣ በክረምት ደግሞ የውሻ መጠለያ ነበር።

ከየካቲት 2016 ጀምሮ ፒያሳ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሠፈሮች ከነግቢያቸው ጠፉ። ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ብዙው ኮንዶሚኒየም ገባ። የግቢው ውሻ የማንም ስላልነበር ተከትሎ ፎቅ የሚወጣበት መንገድ አልነበረውም። ቡቺ ግን በክንድ ታቅፋ ወጣች። አሁን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሊፍት የለም። ደረጃው የጋራ ነው። ውጭ ሐምሌ ነው።

ክረምት ለትንሽ ውሻ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ መሬቱ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። ለዘበኛ ውሻ ይህ ምንም አይደለም። ሦስት ኪሎ ለማትሞላ ውሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውነቷ ትንሽ በመሆኑ ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች፤ እግሯ አጭር በመሆኑ ሆዷ ከእርጥብ ሣርና ከጭቃ ይነካካል፤ ፊኛዋም ትንሽ ነው። የሦስት ወር ቡችላ ቀን ቀን ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በላይ ሽንት መያዝ ይከብዳታል። ስለዚህ በዝናብ ወደ ውጭ ወጥታ ሳትሸና ተመልሳ ምንጣፍ ላይ የምትሸና ውሻ አልጠገበችም፣ አልናቀችም። በርዷታል።

ብዙ ቤት የሚሠራው ስህተት ቅጣት ነው። አፍንጫዋን ሽንቱ ላይ ማሸት፣ በነጠላ ጫማ መምታት። ውሻ ከደቂቃዎች በፊት ያደረገችውንና አሁን የሚደርስባትን ዱላ አታገናኝም። የምትማረው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ፊት መሽናት አደገኛ ነው። ከዚያ በኋላ አልጋ ሥር ተደብቃ ትሸናለች፤ ውጭም ሰው አጠገቧ ከቆመ እምቢ ትላለች።

የሚሠራው መንገድ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። በተወሰነ ሰዓት ትወጣለች፦ ከእንቅልፍ እንደነቃች፣ ከበላች በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ ከተጫወተች በኋላ፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት። ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ትወሰዳለች፤ የራሷ ሽታ ያለበት ቦታ ሥራዋን ያስታውሳታል። ቦታው ጣሪያ ቢኖረው ይመረጣል፤ የደረጃ ሥር፣ የቆርቆሮ ጥላ፣ የሕንፃው ታዛ። ሰውየው አብሯት ይቆማል። እንደጨረሰች እዚያው ቆማ ሳለች የቆሎ ፍሬ የምታህል ሥጋ ይሰጣታል፤ ወዲያው ወደ ሙቀት ትመለሳለች። በክረምት ወደ ቤት መግባት ራሱ ሽልማት ነው፤ ቶሎ ከጨረሰች ቶሎ እንደምትገባ ትረዳለች። ሆዷና መዳፏ በፎጣ ይደርቃል። ስስ ጸጉር ላላት ውሻ ሹራብ ቅንጦት አይሆንም።

ዶፉ ካላባራ በረንዳ ላይ አፈር ወይም ሣር የተደረገበት ዝቅ ያለ ሳህን ይቀመጣል። ከበጋ መሽኛዋ ጥቂት አፈር ቢጨመርበት ቶሎ ትለምደዋለች። ጋዜጣም ይሆናል፤ ግን ጋዜጣ የለመደች ውሻ በየቦታው የተጣለ ጋዜጣ ሁሉ የእሷ ይመስላታል። ቤት ውስጥ ከሸናች ቦታው በሳሙናና በውኃ ታጥቦ አቼቶ በውኃ ተበጥብጦ ይቀባል። የሽንቱ ሽታ ለውሻ ካልጠፋ ተመልሳ እዚያው ትሸናለች። በረኪናና አቼቶ ግን በፍጹም አይቀላቀሉም፤ የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው።

ጠባይዋ የታረመ ውሻ በድንገት ቤት ውስጥ መሽናት ከጀመረች፣ ቶሎ ቶሎ ከሸናች ወይም ሽንቷ ደም ከቀላቀለ ጉዳዩ የሥነ ሥርዓት ሳይሆን የሐኪም ነው። በክረምት ደግሞ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ በሽንት በተበከለ ውኃና ጭቃ ከእንስሳ ወደ ሰው ይተላለፋል። የሚጠርገው ሰው ጓንት ሊያደርግና እጁን ሊታጠብ ይገባል።

ማን ይጠርጋል

በ1967 እንደታየው ውሻን መንከባከብ ከሰው ረሃብ ጎን ሲቀመጥ ፍርድ ያመጣል። ቤት የፈረሰበት ሰው ባለበት ከተማ ስለ ውሻ ሽንት ማውራት ለአንዳንዱ ቅብጠት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ የሚነሣው ጠብ የውሻ ጠብ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ደረጃው ሸተተ ብሎ ይጮኻል፤ ኮሚቴው ውሻ ይውጣ ይላል፤ ባለቤቱ ይቆጣል፤ በመጨረሻ መወልወያ ይዛ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች የምታጥበው በክርክሩ ቃል ያልነበራት ልጅ ናት። ድሮ ይህን ሁሉ ግቢው ይሸከመው ነበር። ከፒያሳ ሠፈሮች ጋር የፈረሰው ቤት ብቻ ሳይሆን ያ ዝምተኛ ሸክም ተሸካሚም ጭምር ነው።

ሌሎች ከተሞች በፎቅ ኖሮ ውሻ የማሳደርን ጣጣ ቀድመው አይተውታል። የኒውዮርክ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1978 የውሻን ዓይነ ምድር ከመንገድ የማንሣት ግዴታ በባለቤቱ ላይ ጣለ። የሚገርመው፣ ካፑሺንስኪ ስለ ሉሉ ጨርቅ ያሳተመውም በዚያው ዓመት ነው። አንዱ ጨርቁን በአገልጋይ እጅ አሳየ፤ ሌላው ውሻውን ባመጣው ሰው እጅ አስያዘ።

የፒያሳ ልጆች በተበተኑባቸው ሕንፃዎች ሥር ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከግቢው ጥግ ጥቂት ካሬ ሜትር አፈር፣ በላዩ አንድ ሁለት ቆርቆሮ፣ ውሻዋን ያመጣ ሰው ራሱ ጠዋትና ማታ የሚወርድበት ልማድ። ኮሚቴው ውሻ ይውጣ ከማለቱ በፊት ውሻዋ የምትወጣበትን ቦታ ቢያሳይ ግማሹ ጠብ ያልቃል።

የሉሉ ታሪክ እውነት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይታያል። በዚያ ትልቅ ቤተ መንግሥት ጨርቅ የሚይዝ ሰው ተመድቦ 10 ዓመት ሠርቷል። ውሻዋን በሰዓቷ ወደ አትክልቱ ቦታ የሚያወጣት ግን አልተመደበም።