ከሰዓት በኋላ በግዮን የምሽት ክበብ

ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለው ካሴት የተቀዳው ባንዱ በየምሽቱ በሚጫወትበት በግዮን ሆቴል ክበብ ውስጥ ነው። ኃይሉ የዚያን ጊዜ መደበኛ ሥራው ሒልተን ሆቴል ከዋልያስ ባንድ ጋር ነበር፤ ዳህላኮች ደግሞ ግዮን ላይ በዕድሜ ወጣት የሆነውን የከተማ ልጅ ያስጨፍሩ ነበር። ካሴቱን የጨረሱት ከሰዓት በኋላ ለልምምድ በሚገናኙበት ሰዓት፣ በሦስት ቀን ነው። ይህ ካሴት የዚያ ዘመን የምሽት ሕይወት ዋና ሰነድ ነው ብዬ አምናለሁ። የቆየ ሙዚቃችንን የምናውቀው በአብዛኛው ከሸክላ ሲሆን፣ ሸክላ ደግሞ ዘፋኙን ከፊት አቁሞ በጥቂት ደቂቃ ይቋጫል። ክበብ ውስጥ ግን ሌሊቱን የሚሸከመው ባንዱ ነበር። ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀበት በዚያ ወቅት ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ክልክል ስለነበር፣ ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር፤ ባንዱም አብሮት። በካሴቱ ላይ ኦርጋኑ በዘፋኙ ቦታ ገብቶ ዜማውን ሳይቸኩል ሲያመላልሰው የሚሰማው ያ የረዘመ ሌሊት ይመስለኛል።

ታዳሚ የሌለበት ቅጂ እንዴት የክበብ ሙዚቃ ይባላል የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ቻክ ብራውን በዋሽንግተን ባስፋፋው የጎ-ጎ ሙዚቃ ከበሮው በዘፈንና በዘፈን መካከል አይቋረጥም፤ መሪው ይጣራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ አፍቃሪዎቹም ከስቱዲዮ ሥራ ይልቅ ከመድረክ የተቀዳ ካሴት ይሻሙ ነበር። በዚያ መለኪያ የግዮኑ ቅጂ ጎደሎ ነው። ነገር ግን ታዳሚ በጭብጨባ ብቻ አይገኝም። በየሌሊቱ ለጭፈራ የተጫወተ ባንድ ምቱን የት እንደሚያከር፣ የት እንደሚያላላ የተማረው ከታዳሚው እግር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹ ባዶ ስለሆኑ አይረሳውም።

ማስረጃው ከራሱ ከኃይሉ ሥራ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን አልበም ሲሠራ አኮርዲዮኑንም፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንም፣ ሲንተሳይዘሩንም የተጫወተው ራሱ ነው፤ ምቱን የያዘው የከበሮ ማሽን ነበር። ውብ ሥራ ነው፣ እኔም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ሆኖም ማሽኑ ለማንም አይጠብቅም፣ ከማንም ጋር አይፎካከርም። በግዮኑ ካሴት ላይ ግን ኦርጋኑ ሲያመነታ ድራሙ ይጠብቀዋል።