ኢሙሌተር ለአሮጌ ማሽን ሲመሰክር፦ በሊኑክስ ከርነል ላይ የታየ አንድ ብልሽት

አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ ሰፈር ነው። አቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካን የመሰለ ተቋም እዚያ መተከሉ፣ ማሽን ባረጀ ቁጥር ጥሎ አዲስ መግዛት የማያዋጣበት ኢኮኖሚ ውስጥ መኖራችንን ያስረዳል። ዛሬ ግን የሚያረጀው ብረቱ ብቻ ሳይሆን በማሽኑ ሆድ ያለው ፕሮሰሰርም ነው። የተሰበረ ጥርስ በቶርኖ ይተካል፤ አዲስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ አልነሣም ሲል ግን ቶርኖ መላ የለውም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚሁ ይነሣል፦ ከርነል የሚጽፉት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ የሌለው መሣሪያ ጠበቃው በኢሙሌተር፣ ማለትም የሌላ ማሽንን ጠባይ በሚያስመስል ሶፍትዌር፣ የሚደረግ ፍተሻ ስለሆነ፣ በኢሙሌተር የታየ ብልሽት እስኪስተባበል ድረስ እንደ እውነተኛ ብልሽት ሊቆጠር ይገባል።

ማስረጃው በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በሊኑክስ ላይ የሆነው ነው። ከከርነሉ አዘጋጆች አንዱ የሆነው ጄሰን ዶነንፌልድ ያዘጋጀው ለውጥ፣ ዩራንደም የተባለው የዘፈቀደ ቁጥር ምንጭ በቂ የዘፈቀደ ግብዓት እስኪጠራቀም ድረስ ጠያቂውን እንዲያስጠብቅ አደረገ። ለውጡ ከዋናው ኮድ ጋር እንደተቀላቀለ ሌላው የከርነሉ አዘጋጅ ጉንተር ሮክ በኪውኢሙ ኢሙሌተር የሚያካሂዳቸው የማስነሻ ፍተሻዎች በብዛት ወደቁ። አርም፣ ኤም68ኬ፣ ማይክሮብሌዝ፣ ስፓርክ32 እና ኤክስቴንሳ የተባሉት የፕሮሰሰር ዓይነቶች ሁሉ የቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነበር፤ የማስነሻ ስክሪፕቱ ለቀጣዩ ጊዜ የሚሆን የዘፈቀደ ዘር በሚያስቀምጥበት መስመር። ስክሪፕቱ ከከርነሉ ቁጥር ይጠብቃል፤ ከርነሉ ደግሞ ከማሽኑ እንቅስቃሴ ግብዓት ይጠብቃል፤ ማሽኑ ግን ስክሪፕቱን እየጠበቀ ሥራ ፈትቷል። ጥፋተኛውን ለውጥ ለመለየት የሚያገለግለው ዘዴ የለውጦቹን ዝርዝር እየከፈሉ መሞከር ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ተጠርጣሪዎቹን በግማሽ ስለሚቀንስ፣ 10,000 ለውጦች ቢኖሩ እንኳ ቢበዛ 14 ሙከራ ይበቃል። በዚህ ዘዴ የተለየው የዶነንፌልድ ለውጥም ወዲያው ተሻረ።

ተከራካሪ እንዲህ ሊል ይችላል፦ አምስቱም የቆሙት በአንድ ኢሙሌተር ውስጥ ነው፤ ታዲያ ጉድለቱ የኢሙሌተሩ ላለመሆኑ ምን ዋስትና አለ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኢሙሌተር የማሽኑን ጠባይ ሁሉ አይቀዳምና። ይሁን እንጂ ኢሙሌተሩም የሚነሣው ሲስተምም ሳይነኩ ያ አንድ ለውጥ ብቻ ሲወጣ ብልሽቱ ጠፍቷል። ከዚህም በላይ መንሥኤው ከኢሙሌተሩ ውጭ ነበር። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊኑክስ ግብዓት ሲያጥረው ከፕሮሰሰሩ የዑደት ቆጣሪ መዋዠቅ ያመነጭ ነበር፤ ለውጡን የሻረው ማስታወሻ እንዳመለከተው ግን ይህ ቆጣሪ ጭራሹኑ የሌላቸው መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። ኢሙሌተሩ ያሳየው የራሱን ድክመት ሳይሆን የእነዚህን መሣሪያዎች እውነት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ደኅንነት ከአሮጌ ማሽን አይበልጥምን? በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሲነሡ በቂ የዘፈቀደ ግብዓት የሌላቸው አነስተኛ መሣሪያዎች ደካማ የምስጢር ቁልፍ እንደሚፈጥሩ በኢንተርኔት ላይ በተሰበሰቡ ቁልፎች አሳይቷል። ስለዚህ የዶነንፌልድ ዓላማ ትክክል ነበር። ግን ግብዓት በማይገኝበት ማሽን ላይ ማስጠበቅ ጠንካራ ቁልፍ አያስገኝም፤ ማሽኑን ያቆመዋል እንጂ። ይልቁንም ዶነንፌልድ ራሱ በቀጣዮቹ ወራት፣ የዑደት ቆጣሪ በሌላቸው ፕሮሰሰሮች ላይ ዜሮ ይመለስ የነበረውን ዋጋ በሌላ የጊዜ መለኪያ ተካው። ፍተሻው ደኅንነትን ሳያዳክም የተሻለ መንገድ እንዲፈለግ አደረገ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ለአቃቂ ቃሊቲ ዎርክሾፕም ይሠራል። ማሻሻያ በምርት መስመር ላይ ከመጫኑ በፊት፣ የዚያን ፕሮሰሰር ዓይነት በኢሙሌተር አስነሥቶ ማየት ከአንድ ተራ ኮምፒውተርና ከነጻ ሶፍትዌር በላይ አይጠይቅም። ከፍተሻው የሚገኘውን ውጤት ለከርነሉ አዘጋጆች መላክ ደግሞ የእኛን ዓይነት መሣሪያ ከሚታሰቡት ተርታ ያስገባዋል፤ ማንም ያልፈተሸው ማሽን መበላሸቱ የሚታወቀው ሥራ ሲያቆም ነውና።