ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ውኃ፦ የቤት ውስጥ የኮራል ገንዳ አጭር ታሪክ

 

ባለፈው ሳምንት የኮራል አኳሪየሜን ቧንቧና ማጣሪያ ቀይሬ ስጨርስ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ከመጡት አስተያየቶች ሁሉ የወደድኩት የአንድ የድሮ ተማሪዬን ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ዓሦቹ እኮ ደህና ነበሩ። ይሄን ሁሉ ቧንቧ መንቀል ለምን አስፈለገ?» ይላል። የታሪክ አስተማሪን «ለምን» ብሎ የጠየቀ ሰው አጭር መልስ አይጠብቅም። ስለዚህ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በ1832 ዣን ቪልፕሬ-ፓወር የምትባል ፈረንሳዊት ሲሲሊ ውስጥ፣ መሲና ላይ ትኖር ነበር። ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበረች። በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱ አርጎናውት ስለሚባል የኦክቶፐስ ዘመድ ይከራከራሉ፤ የሚኖርበትን ስስ ቅርፊት ራሱ ነው የሚሠራው ወይስ ከሌላ ፍጥረት ነው የሚቀማው? እሷ ክርክሩን ትታ የመስታወት ገንዳ አሠራች፣ እንስሳውን በሕይወት እያለ ተመለከተችው። ራሱ እንደሚሠራው አረጋገጠች። ዛሬ ብዙዎች የአኳሪየም እናት የሚሏት ለዚህ ነው። ደግሞም ባሕሩ አጠገቧ ነበር። ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው ግን ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከለንደን ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ ኬሚስት 12 ጋሎን በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችና አንድ የውኃ ተክል አኖረ። ቅጠሉ ሲበሰብስ ውኃው ደፈረሰ። የበሰበሰውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ሲጨምርበት ጠራ። ይህንን በ1850 አሳተመ። ዓሣው የሚተነፍሰው ለተክሉ፣ ተክሉ የሚሰጠው ኦክስጅን ለዓሣው፣ ትርፍራፊው ለቀንድ አውጣው። «ሚዛን» የሚለው ሐሳብ እንዲህ ተወለደ። ውብ ሐሳብ ነው። ችግሩ፣ ሰው ውብ ሐሳብ ሲያገኝ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

በ1853 የለንደን መካነ እንስሳት የዓሣ ቤት ለሕዝብ ከፈተ። በማግስቱ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የሚለውን ስም በርዕሱ የያዘ መጽሐፍ አወጣ፤ አገሩ አበደ። ሳሎን ያለው ሁሉ ገንዳ ገዛ። ግን አብዛኛው ገንዳ የቆመ ውኃ ነበር። ቆሻሻው መሄጃ የለውም፣ አየር የሚገባው በላይኛው ገጽ ብቻ ነው፣ ትንሽ ሙቀት ሲመጣ ይገማል። በ1860ዎቹ ፋሽኑ ቀዘቀዘ።

ዕዳው ግን ቀረ። የጎስ ልጅ ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የአባቱ መጻሕፍት ያነቃቁት ሰብሳቢ የእንግሊዝን ዳርቻ የድንጋይ ኩሬዎች እንዴት እንዳራቆተ በሐዘን ጽፏል። አስቡት፤ የባሕር ፍጥረትን ከማንም በላይ የወደደ ሰው ነው መንገዱን የከፈተው። ከባሕር የወጣው ደግሞ ሳሎን ገብቶ ይሞታል። ለእኔ የማጣሪያ ታሪክ የዕቃ ታሪክ ብቻ ያልሆነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጀግና ልውሰዳችሁ፤ ዊሊያም አልፎርድ ሎይድ። ለንደን ውስጥ የአኳሪየም ዕቃ ነጋዴ ነበር። በ1864 የሃምቡርግን፣ በ1871 የለንደኑን ክሪስታል ፓላስ አኳሪየም ውኃ እንዴት እንደሚዘዋወር የቀየሰ እሱ ነው። ኔፕልስ ላይ አንቶን ዶርን በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላቋቋመው የባሕር ምርምር ጣቢያም ረድቷል። የሎይድ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሕዝቡ የሚያየው ገንዳ ትንሽ ይሁን፣ ከሥሩ ግን ከላይኞቹ ገንዳዎች ሁሉ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የጨለማ ማጠራቀሚያ ይኑር። ውኃው በእንፋሎት ሞተር ኃይል ሌት ተቀን ይዙር። ጨለማው አልጌ እንዳያድግ ያደርጋል፣ ብዛቱ ሙቀቱን ያረጋጋል፣ መዞሩ አየር ያስገባል። ፓምፖቹን ደግሞ ከብረት ሳይሆን ከጠነከረ ጎማ አሠራ፤ የባሕር ውኃ ብረት ይበላል፣ የተበላው ብረት ደግሞ እንስሳውን ይመርዛል።

አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይሄን ቶሎ ይረዳዋል። የቤቱ ሰላም ያለው ቧንቧው ጫፍ ላይ ሳይሆን ጓሮ ባለው ሮቶ ውስጥ ነው። ዛሬ ከገንዳዬ ሥር፣ ካቢኔው ውስጥ ያለው ሁለተኛ ገንዳ (ባለሙያዎቹ «ሳምፕ» ይሉታል) የሎይድ ማጠራቀሚያ የልጅ ልጅ ነው።

ሎይድ የማያውቀው ነገር ግን ነበር፤ ቆሻሻው በምን ጠፋ? በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የፍሳሽ ውኃ በአሸዋና በኖራ ድንጋይ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ቀስ እያሉ አሳለፉ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከ20 ቀን ገደማ በኋላ ግን የገባው አሞኒያ ናይትሬት ሆኖ ይወጣ ጀመር። ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ሥራው ቆመ። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው አሸዋው አይደለም፤ አሸዋው ላይ የሚኖር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ባክቴሪያ። አዲስ ገንዳ ገዝታችሁ «ዓሣ ከማስገባታችሁ በፊት ሳምንታት ጠብቁ» ስትባሉ የምትጠብቁት ይህንኑ ነው። አሞኒያ ዓሣን ይገድላል። ናይትራይትም ገዳይ ነው። ናይትሬት ይሻላል፣ ሲጠራቀም ግን ኮራልን ይጎዳል። ይቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ።

በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው፣ ባሕር ውስጥ ከነነፍሳቱ የተለቀመ ድንጋይ፣ የፀሐይ ብርሃንና ቀስ ያለ የአየር አረፋ ብቻ ተጠቅሞ ኮራል በቤቱ እንደሚያኖር አንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ጻፈ። ብዙዎች የሞቃት ባሕር ጎረቤት ስለሆነ ነው ብለው አለፉት። በዚያው በ1960ዎቹ ጀርመኖች አረፋ የሚገፈውን ማሽን ለቤት አመቻቹት። አሠራሩ እናቶቻችን አጥንት ሲቀቅሉ አረፋውን በጭልፋ እንደሚገፉት ነው፤ በጨው ውኃ ውስጥ ደቃቅ የአየር አረፋ ሲረጭ ቆሻሻው አረፋው ላይ ይጣበቅና ወደ ላይ ወጥቶ ይደፋል።

ከዚያ በ1986 ጆርጅ ስሚት የተባለ ጸሐፊ የሆላንዶችን ዘዴ ለአሜሪካኖች አስተዋወቀ። ውኃው በፕላስቲክ ኳሶች ላይ እየተንጠባጠበ ሲወርድ ባክቴሪያው ብዙ አየር ያገኛል። አሞኒያ ድራሹ ጠፋ! በየቤቱ ኮራል ማኖር የተቻለ መሰለ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ናይትሬቱ ወደ ላይ ወጣ። ማሽኑ የተሠራለትን ሥራ ከሚገባው በላይ ይሠራ ነበር፤ አሞኒያውን በሙሉ ናይትሬት ያደርገዋል፣ ናይትሬቱ ግን መውጫ በር የለውም። በሩ የነበረው የጃካርታው ሰው ድንጋይ ውስጥ ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ፣ አየር በማይደርስበት ጥልቀት፣ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጦ ወደ አየር ይሸኘዋል። ሰዉም ቀስ በቀስ ኳሶቹን እያወጣ ጣለ፣ ወደ ድንጋዩና ወደ አረፋ መግፈፊያው ተመለሰ። «አዲስ» የተባለው ማሻሻያ 25 ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ሆነ።

እንግዲህ ወደ እኔ ቧንቧ። ዓሦቹ ደህና ነበሩ፣ እውነት ነው። ግን ማጣሪያው ጠባብ ነበር፣ መውረጃው ደግሞ አንድ ብቻ። አንድ ቀንድ አውጣ ቢወተፍበት ፓምፑ ውኃውን ከላይ ወለሉ ላይ ይደፋዋል፣ ሳምፑ ይደርቃል። አሁን መውረጃው ሦስት ነው። አንደኛው በውኃ ሞልቶ፣ ያለ አየር ጸጥ ብሎ ይወርዳል፤ ልኩን በቫልቭ አስተካክለዋለሁ። ሁለተኛው ትርፉን በጥቂቱ ያንጠባጥባል። ሦስተኛው ደረቅ ነው፤ ሁለቱ ቢዘጉ ብቻ ይሠራል። ወደ ላይ የሚመልሰው ቧንቧ አፉ ከውኃው ገጽ ብዙ አይርቅም፤ አለዚያ መብራት ሲጠፋ ገንዳውን መልሶ ወደ ታች ይመጠዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 90 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል 18 ሊትር ይወርዳል። ሳምፑ ሁልጊዜ ከዚያ የበለጠ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። የማይመልስ ቫልቭ ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ ኖራ ይጋገርበታል፣ ሳይዘጋ ይቀራል። የመዳብ ማያያዣ ደግሞ በፍጹም፤ ዓሣ የሚችለው የመዳብ መጠን ኮራልንና ቀንድ አውጣን ይጨርሳል።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የያዝኩት ይሄን ነው። የተሳሳተው ሁሉ የሚታየውን ገንዳ ብቻ ያየ ነው፣ የተሳካለት የማይታየውን የጠየቀ ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቆሻሻው በየት ይወጣል? መብራት ሲጠፋ ውኃው የት ይሄዳል? የሚያብረቀርቀው ማሽን ለእነዚህ ካልመለሰ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ይቆይ።

ድንጋያማ ኮራሎች ዛሬ ድንበር ሲሻገሩ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ደግነቱ ኮራል እንደ እንሰት ነው፤ ከአንዱ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ቁራሽ ሰብሮ ማሳደግና ለጎረቤት ማካፈል ይቻላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ገንዳው ለዓመታት ሲኖር ብቻ ነው። ገንዳው በስድስት ወር ከሞተ ሌላ ኮራል ከባሕር ይነቀላል። እንግሊዝ ዳርቻ ላይ የሆነው እንዳይደገም የእኔ ድርሻ ከካቢኔው ሥር ያለች ናት። ቧንቧውን የነቀልኩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ቸር ሰንብቱ!